ማትሳይኔት ወይስ ዜድቢማት ኦፕን? የአልጀብራ ኅትመትን አዝማሚያ ለሚከታተሉ

በአብስትራክት አልጀብራ የትኛው ዘርፍ እየሰፋ፣ የትኛው እየቀዘቀዘ እንደሆነ በቁጥር ማወቅ የሚፈልግ የትምህርት ክፍል ለማትሳይኔት መክፈል አለበት ወይስ ዜድቢማት ኦፕን ይበቃዋል? ሁለቱም የሒሳብ ኅትመቶችን የሚመዘግቡ የመረጃ ቋቶች ናቸው። ለቆጠራ ብቻ ከሆነ ዜድቢማት ኦፕን በደንብ ይበቃዋል። (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ዜድቢማት ኦፕን ከ2021 ጀምሮ ነፃ ነው። የቀድሞውን የጀርመን ዓመታዊ የሒሳብ ኅትመት መዝገብ ስላካተተ እስከ 1868 ወደ ኋላ ይሄዳል፤ መረጃውን በኤፒአይ (ፕሮግራም በቀጥታ መረጃ በሚወስድበት መገናኛ) መሰብሰብም ይቻላል። ማትሳይኔት የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ንብረት ሲሆን የሚሠራው በደንበኝነት ክፍያ ነው፤ መሠረቱም በ1940 የተጀመረ የግምገማ መጽሔት ነው።

ክፍያው የሚያዋጣው ጽሑፉን የሚያወጣበት መጽሔት ለሚመርጥ ነው። ማትሳይኔት የራሱ የጥቅስ መለኪያ አለው፦ መጽሔቱ ባለፉት 5 ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በአንድ ዓመት ያገኙት ጥቅስ ለጽሑፎቹ ብዛት ይካፈላል። የአልጀብራ ውጤት መጠቀስ የሚጀምረው ዘግይቶ ስለሆነ፣ 2 ዓመት ብቻ የሚያየው የተለመደው የመጽሔቶች የጥቅስ መለኪያ፣ ኢምፓክት ፋክተር፣ ዘርፉን ይበድላል።

ሁለቱም የመረጃ ቋቶች የሚጠቀሙት አንድ ዓይነት የዘርፍ ኮድ ነው፦ 13 ኮምዩቴቲቭ አልጀብራ፣ 16 አሶሲዬቲቭ ሪንጎች፣ 17 አሶሲዬቲቭ ያልሆኑ ሪንጎች፣ 20 ግሩፕ ቲዮሪ። ስለዚህ በኮዱ ሲቆጠር የሚያጋጥመው ስሕተትም የጋራ ነው። ኮዱ በየ10 ዓመቱ ገደማ ይከለሳል። በ2020ው ክለሳ ኦፔራዶች የተባሉት የአልጀብራ መዋቅሮች ከ18ዲ50 ወጥተው ወደ 18ኤም60 አካባቢ ተዛውረዋል፤ አሮጌውን ኮድ ብቻ የፈለገ ሰው ዘርፉ የሞተ ይመስለዋል። ሁለቱንም ኮዶች አብሮ መፈለግ ያስፈልጋል።

አንድ ጽሑፍ ዋና ኮድና ተጨማሪ ኮዶች ስለሚኖሩት፣ በዋናው ብቻ ካልተቆጠረ ድምሩ ይደጋገማል። የመጨረሻዎቹን 2 ዓመታት ከግራፉ አውጡ፤ ምዝገባው ስለሚዘገይ ሐሰተኛ ቁልቁለት ይታያል። ከሁሉ በላይ ግን የየዓመቱን ቁጥር በዚያው ዓመት በመረጃ ቋቱ ለተመዘገበው ጠቅላላ የሒሳብ ጽሑፍ አካፍሉ። የሒሳብ ኅትመት በአጠቃላይ ስላደገ፣ ድርሻው የወረደ ዘርፍም በጥሬ ቁጥር ያደገ ሊመስል ይችላል።

ያለፉትን ጥቂት ወራት ለማየት፣ ደራሲዎች ጽሑፋቸውን በመጽሔት ከመታተሙ በፊት የሚያስቀምጡበት አርካይቭ የተባለው ድረ ገጽ ይሻላል። እዚያ ግን ምድቡን በመጀመሪያ የሚመርጠው ደራሲው ነው፤ አንድ ጽሑፍ በብዙ ምድብ ስለሚዘረዘርም በዋናው ምድብ ብቻ ቁጠሩ።

ከመክፈል በፊት የሙከራ መግቢያ ማግኘት ከተቻለ፣ የምትከታተሉትን አንድ ኮድ በ5 ዓመት ክልል በሁለቱም ፈልጉ። አንዱ ላይ ብቻ የተገኙትን ጽሑፎች መጽሔት ተመልከቱ፤ እናንተ የምታነቧቸው መጽሔቶች ከአንዱ ከጎደሉ ሌላውን ምረጡ።