«ለብቻ ተጓዥ የተሟላ ጥቅል» ለምትከራዩ ሁሉ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ

ቅዳሜና እሁድን ብቻችሁን፣ ድንኳናችሁን አዝላችሁ፣ ብዙ ሰው በማያውቀው ጸጥተኛ ዱር ለማሳለፍ የምታስቡ ሁሉ፣ «ለአንድ ሰው የተሟላ ጥቅል» በሚል ስም ለሚቀርበው የኪራይ አገልግሎት ከመክፈላችሁ በፊት በእኔ ላይ የደረሰውን ብታውቁ መልካም ነው። ጥቅሉ የጀርባ ቦርሳ፣ ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢት፣ ምድጃ፣ የውሃ ማጣሪያ፣ የአደጋ ጊዜ የሳተላይት መሣሪያ እና ስልክ ላይ የሚጫን የጉዞ መስመር በአንድ ዋጋ የሚያቀርብ ሲሆን፣ ዕቃው ዓርብ ማታ ተወስዶ ሰኞ ጠዋት ይመለሳል። እኔም የራሴ ዕቃ ስላልነበረኝ ኪራዩንም ማስያዣውንም አስቀድሜ ከፍዬ ወሰድኩ። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ ተመሳሳይ ቃላት ያሉበትን ማስታወቂያ ከአንድ በላይ አከራይ ዘንድ ስላየሁ፣ አንባቢ አንዱን ስም ይዞ በሌላው እንዳይታለል እሰጋለሁ።

ከሁሉ በፊት የውሉን ነገር ላንሳ፤ የሌላው ጉድለት ሁሉ መሸሸጊያ እርሱ ነውና። ስረከብ የቀረበልኝ ወረቀት «ዕቃዎቹን አንድ በአንድ መርምሬ ያለ እንከን ተረክቤያለሁ» ይላል፤ ቦርሳው ግን ዚፑ ተዘግቶ፣ ማሰሪያው ጠብቆ ነበር የተሰጠኝ። የመዝጊያው ሰዓት ደርሶ ነበር፤ ከኋላዬም ወረፋ የያዙ ሰዎች ስለነበሩ ፈረምኩ። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው አንቀጽ ደግሞ ማንኛውም ጉድለት በ24 ሰዓት ውስጥ በስልክ ካልተነገረ ተከራዩ ወዶ እንደተቀበለው እንደሚቆጠር ይደነግጋል። ይህ አንቀጽ በከተማ ውስጥ ለሚነዳ የኪራይ ብስክሌት ተገቢ ሊሆን ይችል ይሆናል። ለእኔ የተሸጠልኝ ግን የስልክ መረብ የማይደርስበት ቦታ ነው፤ ድንኳኑን የምተክለው ቅዳሜ ማታ፣ ስልኬ የሚሠራው እሁድ ማታ ሲሆን፣ ዓርብ ማታ መቆጠር የጀመረው 24 ሰዓት በመካከሉ ያልቃል። ጸጥታውን የሸጠልኝ ሰው አቤቱታ የማይሰማበትን ሥፍራም አብሮ እንደሸጠልኝ የገባኝ ከተመለስኩ በኋላ ነው።

ማስታወቂያው የመኝታ ከረጢቱ «እስከ 19 ዲግሪ ከዜሮ በታች» እንደሚያገለግል ይናገራል። ቁጥሩ ፈጠራ አይደለም፤ ከረጢቱ ላይ በተሰፋው ምልክት በእርግጥ ተጽፏል። ችግሩ በዚያ ምልክት ላይ ያሉት ቁጥሮች ሦስት መሆናቸው ነው። ልኬቱ የሰው ቅርጽ ባለው፣ ሙቀት በሚያመነጭ አሻንጉሊት ላይ የሚካሄድ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በአውሮፓ መስፈርት፣ ከ2016 ወዲህ ደግሞ አይኤስኦ 23537 በተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ይመራል። የመጀመሪያው «ምቹ» የሚባለው ቁጥር አንዲት ሴት ዘና ብላ ተኝታ ሳይበርዳት የምታድርበትን የሙቀት መጠን ያመለክታል፤ ሁለተኛው «ወሰን» የሚባለው አንድ ወንድ ኩርምት ብሎ ከብርዱ ጋር ሳይሸናነፍ የሚያድርበት ነው። ሦስተኛውና የመጨረሻ ጫፍ የሚባለው ግን ስድስት ሰዓት ያህል በብርድ ሳይሞቱ መቆየት የሚቻልበት ነው፤ ያውም ጣትና እግር በውርጭ ሊጎዱ እንደሚችሉ ታስቦ። በእኔ ከረጢት ላይ ምቹው 2 ዲግሪ፣ ወሰኑ 3 ከዜሮ በታች፣ ጫፉ 19 ከዜሮ በታች ነበር። አከራዩ ለማስታወቂያ የመረጠው ሦስተኛውን ነው። ሊተኛ ለሚከራይ ሰው ከሞት የሚተርፍበትን ቁጥር እንደ ምቾት ማቅረብ ምን እንደሚባል እናንተው ፍረዱ።

ይህ ሁሉ ልኬት ደግሞ ከሥር ፍራሽ መኖሩን ታሳቢ ያደርጋል፤ ከጀርባችን ሥር የተጨፈለቀ ላባ ወይም ድር አየር ስለማይዝ ሙቀትም አይዝም። ደህና ፍራሽ ከመሬት የሚወጣውን ቅዝቃዜ የመከላከል አቅሙ አር ቫልዩ በሚባል ቁጥር ይገለጽበታል፤ ጥቅሉ ውስጥ ያገኘሁት ስስ ስፖንጅ ግን ምንም አልተጻፈበትም። ከፍታው በየ1000 ሜትሩ ሲጨምር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ገደማ እንደሚቀንስም ማንም አልነገረኝም። ማደሪያው ከመነሻው 900 ሜትር ከፍ ይላል፤ ስለዚህ በግርድፍ ስሌት መነሻው ላይ ሌሊቱ 4 ዲግሪ ቢሆን ማደሪያው ወደ 2 ከዜሮ በታች ይወርዳል። በዚያ ሌሊት የያዝኩትን ልብስ ሁሉ ደርቤ፣ እግሬን ባዶው ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ነጋልኝ። ከጓደኛ ጋር ቢሆን በሳቅ የሚያልፍ ሌሊት ነበር። ብቻውን ለሆነ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ብርድ ሰውነትን ሲያሸንፍ አእምሮንም አብሮ ያደነዝዛል፤ ንግግራችን መኮላተፉን፣ እጃችን አልታዘዝ ማለቱን የሚያስተውልልን ሁለተኛ ሰው ደግሞ በድንኳኑ ውስጥ የለም።

ከብርዱም ይልቅ ያስቆጣኝ የአደጋ ጊዜ መሣሪያው ነው፤ ብቻዬን ለመሄድ የደፈርኩት እርሱን ተማምኜ ነበርና። በገበያው ላይ ሁለት ዓይነት አሉ፤ አከራዮችም ለሁለቱም «ሳተላይት» የሚል አንድ ስም ይሰጧቸዋል። አንደኛው በ406 ሜጋኸርትዝ ኮስፓስ ሳርሳት ወደተባለው ዓለም አቀፍ የፍለጋና የነፍስ አድን ሥርዓት ምልክት የሚልክ ነው። ይህ ሥርዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ነፍስ ያተረፈው እ.ኤ.አ. በ1982 ሲሆን፣ ተጠቃሚው ወርሃዊ ክፍያ አይጠየቅበትም፤ ነገር ግን መሣሪያው መመዝገብ አለበት፣ ባትሪውም ላዩ ላይ የተጻፈው የመቀየሪያ ቀን ያላለፈ መሆን ይኖርበታል። (ሳተላይቶቹ በቀድሞው 121.5 ሜጋኸርትዝ የሚላከውን ምልክት መከታተል ያቆሙት እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ በዚያ ሞገድ ብቻ የሚሠራ አሮጌ ዕቃ አምጥቶ የሚያከራያችሁ ካለ ከመብራቱ በቀር የሚሰጣችሁ ነገር የለም።) ሁለተኛው ዓይነት በንግድ ሳተላይቶች አማካይነት አጭር መልእክት የሚልክና የሚቀበል ነው። ይህኛው እንደ ስልክ መስመር የአገልግሎት ክፍያው በየጊዜው መታደስ አለበት። ክፍያው ከተቋረጠ መሣሪያው ይበራል፣ ያለንበትንም ነጥብ ያሳያል፣ የአደጋ ቁልፉንም መጫን ይቻላል፤ መልእክቱ ግን ለማንም አይደርስም።

የተሰጠኝ ሁለተኛው ነበር፤ ክፍያውም ተቋርጧል። ይህን የተረዳሁት ቅዳሜ ቀትር ላይ «ደህና ነኝ» የሚል መልእክት ለእህቴ ልኬ «በመላክ ላይ» ከሚለው ጽሑፍ አልፎ አልሄድ ሲል ነው። መጀመሪያ ዛፉ ሰማዩን ከልሎት ነው ብዬ ወደ ገላጣ ሥፍራ ወጣሁ፤ ከዚያም መሣሪያውን አጥፍቼ አበራሁት፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቆሜ ጠበቅሁት። እህቴ በበኩሏ እስከ ማታ ምንም ስላልደረሳት ውሉ ላይ ወደተጻፈው «የ24 ሰዓት ድጋፍ» ስልክ ደጋግማ ደውላለች፤ ቁጥሩ የቢሮው ሲሆን ቢሮው ደግሞ እስከ ሰኞ ዝግ ነበር። ስመለስ የተሰጠኝ መልስ አገልግሎቱን ማስከፈት የተከራዩ ኃላፊነት መሆኑና ይህም በውሉ አባሪ ላይ መጻፉ ነው። አባሪውን አልሰጡኝም ነበር።

ስለ ጉዞው መስመርም ጥቂት ልበል። «ማንም የማያውቀው፣ በ3 ሰዓት ጉዞ የሚደረስበት» የተባለው ማደሪያ 14 ኪሎ ሜትር የእግር መንገድና የ900 ሜትር አቀበት ነበረው። ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው፣ እስከ ዛሬም የሚሠራበት ስሌት አለ፤ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር አቀበት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይያዛል። በዚህ ስሌት ብቻ እንኳ መንገዱ ያለ ዕረፍት 4 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ይፈጃል፤ ስሌቱም ጥሩ መንገድና ጠንካራ እግረኛ እንዳለ ስለሚገምት፣ ከባድ ቦርሳ ያዘለ ሰው ከዚያ በላይ መያዝ አለበት። እኔ 7 ሰዓት ፈጀብኝ፤ መስመሩ ሁለት ቦታ ላይ መንገድ በሌለበት ገደላማ ሸለቆ ያቋርጥ ስለነበር ዞሬ መሄድ ነበረብኝ። ቤቴ ገብቼ ፋይሉን ስመረምረው በእግር የተቀዳ ሳይሆን ወንበር ላይ ተቀምጠው በካርታ ምስል ላይ ያሰመሩት መሆኑን አወቅሁ። መለየቱ አያስቸግርም፤ በእግር የተቀዳ መስመር እየተጣመመ የሚሄድና ብዙ ነጥቦች ያሉበት ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ ነጥብ የታለፈበት ሰዓት ተመዝግቦበታል፤ በእጅ የተሰመረው ግን ነጥቦቹ የተራራቁ፣ ሰዓት የሌላቸው፣ በካርታ ላይ ገደላማ ቦታን የሚያመለክቱትን የተጠጋጉ የከፍታ መስመሮች እንኳ ቀጥ ብሎ የሚቆርጥ ነው። «ማንም የማያውቀው» በተባለውም ማደሪያ አምስት የእሳት ቦታና የተጣሉ ጣሳዎች ተቀብለውኛል፤ ወደዚያ የሚያስገባው በር ላይ ደግሞ ያለ ፈቃድ ማደር የተከለከለ መሆኑን የሚገልጽ ሰሌዳ ቆሟል። ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቄ «ቦታው ስለማይታወቅ ማንም አይጠይቅም» ተብዬ እንደነበር ላስታውስ።

የቀረው ዕቃ ከዚህ ብዙም የተሻለ አልነበረም። የድንኳኑ ወለል በውስጥ በኩል ይጣበቃል፣ ይሸታልም፤ ይህ ውሃ የሚከለክለው ልባስ እርጥበት ይዞ ሳይደርቅ ከመቀመጡ የተነሳ መበስበሱን የሚያሳይ ምልክት ነው፤ በምልክቱ ላይ የተጻፈው የውሃ መከላከል ልኬት አዲሱን ጨርቅ እንጂ ይህን አይመለከትም። የውሃ ማጣሪያው «ማንኛውንም ውሃ ያጠራል» ተብሏል። እንዲህ ያሉት ስስ ቱቦ ያላቸው ማጣሪያዎች ባክቴሪያንና እንደ ጃርዲያ ያሉ ጥገኛ ተሕዋስያንን ይይዛሉ፤ ቫይረስ ግን ከቀዳዳዎቻቸው ስለሚያንስ ያልፋል። ከዚህም ሌላ እርጥብ ሆነው አንድ ጊዜ ከበረዱ ቱቦዎቹ ሊሰነጠቁ ይችላሉ፤ ስንጥቁም በዓይን አይታይም። ከእኔ በፊት የተከራየው ሰው በስንት ዲግሪ እንዳደረ የሚነግረኝ ስለሌለ ውሃውን አፈላሁት፤ ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ከሆነ ሦስት ደቂቃ ማንተክተክ ይበቃል። ምድጃው ሠርቷል፤ ይህን መካድ አልችልም።

ሰኞ ጠዋት ዕቃውን ስመልስ ድንኳኑ ጭቃ ስለነካው «ለጽዳት» በሚል ማስያዣዬን ሙሉ በሙሉ ያዙት። ያዳነኝ ቅዳሜ ማታ ከመሰላቸት ያነሳኋቸው ፎቶግራፎች ናቸው፤ የከረጢቱ ምልክት፣ ያልተላከው መልእክት ከነሰዓቱ፣ የሚጣበቀው ወለል እና የክልከላው ሰሌዳ ሁሉም ነበሩ። ከማስታወቂያው ቅጂ ጋር አያይዤ በጽሑፍ ከጠየቅሁ በኋላ ማስያዣው ተመለሰልኝ። ኪራዩን ግን «አገልግሎቱን ተጠቅመዋል» በሚል እስካሁን አልመለሱም።

አስቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ፣ እስከ ዓርብ አትጠብቁ። የመኝታ ከረጢቱን ሦስቱንም ቁጥሮች፣ የመሣሪያውን ዓይነትና የአገልግሎት ክፍያው እስከ መቼ እንደሚያገለግል፣ መስመሩ በእግር የተቀዳ መሆን አለመሆኑን በጽሑፍ ጠይቁ፤ የማደሪያ ፈቃዱን ደግሞ ከአከራዩ ሳይሆን ቦታውን ከሚያስተዳድረው አካል ጠይቁ። የምትረከቡበት ቀን ከመዝጊያው ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፤ ቦርሳውን እዚያው ፈትታችሁ እያንዳንዱን ዕቃ ፎቶ አንሱ፤ የ24 ሰዓቱ አንቀጽም ከመልስ ጉዞ በኋላ እንዲቆጠር በእጅ አስተካክለው እንዲፈርሙበት አድርጉ። ከዚያ መሣሪያውን ይዛችሁ ሰማይ በደንብ ወደሚታይበት ደጅ ውጡና ወደ ራሳችሁ ስልክ አንድ መልእክት ላኩ። የመልእክቱ መድረስ ጥቂት ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፤ ስልካችሁ ሳይጮህ ግን ወረቀቱ ላይ አትፈርሙ።