የአባቴ መርሴዲስ ቸርኬዎች፦ ለአምስት ቀን ተብሎ ሃያ አንድ ቀን የቆየ ሥራ

ዘንድሮ ለጥምቀት ከሽቱትጋርት ወደ አዲስ አበባ ስገባ የያዝሁት ዕቅድ አንድ ብቻ ነበር፤ አባታችን ትተውልን ያለፉትን የ1982 (እ.ኤ.አ.) መርሴዲስ 230ኢ ለእኅቴ ልጅ ሠርግ የሙሽሮች መኪና አድርጎ ማድረስ። ሞተሩን ወንድሜ አሠርቶ ስለጠበቀኝ፣ ለእኔ የቀሩት ስኮርታውን ጨምሮ አምስቱ የአልሙኒየም ቸርኬዎች ነበሩ።

ቸርኬዎቹ ዛሬ በየመንገዱ ከምናያቸው ይለያሉ። ማይነርትስሃገን በምትባል የጀርመን ከተማ ባለው የፉክስ ፋብሪካ፣ ቀልጦ በፈሰሰ ሳይሆን በከባድ መጭመቂያ በተቀጠቀጠ አልሙኒየም የተሠሩ ባለ 14 ኢንች ቸርኬዎች ሲሆኑ፣ ጀርመኖች ከጌጣቸው የተነሣ «ባሮክ» ይሏቸዋል። የፍሬን ዱቄት ቀለማቸውን በልቶት፣ ጠርዛቸውም በእግረኛ መንገድ ድንጋይ ተላልጦ ነበር እንጂ አንዳቸውም አልተጣመሙም፣ አልተሰነጠቁምም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ «ድሮም የተበላሸ ነበር» ስለተባልሁ ነው።

ሱማሌ ተራ አካባቢ ያለ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ ለአንዱ ቸርኬ 3,500 ብር፣ ለአምስቱ 17,500 ብር ተስማምቶ በአምስት ቀን ሊያስረክበኝ ቃል ገባ። ባለቤቱ «ጋሼ፣ እርስዎ እረፍትዎን ይዝናኑ፤ አዲስ አድርገን ነው የምንሰጥዎት» አለኝ። በአምስተኛው ቀን ስሄድ መብራት ጠፍቶ ነበር ተባልሁ፤ በሰባተኛው ቀለም ቀቢው ለቅሶ ሄዷል ተባልሁ። ለቅሶ ለሄደ ሰው ምን ይባላል? «ነፍስ ይማር» ብዬ ተመለስሁ።

በዘጠነኛው ቀን ሳልደውል ሄድሁ። በጓሮ በኩል ለሁለት የተቆረጠ በርሜል ውስጥ ከቸርኬዎቼ አንዱ ተነክሮ፣ ውኃው እሳት ሳይነካው እንደ ተጣደ ሽሮ ይንተከተካል። ጓንት እንኳ ያላጠለቀውን ልጅ ምን እንደሆነ ብጠይቀው «ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ ቀለሙን ቶሎ ያነሣዋል» አለኝ። ኮስቲክ ሶዳ የላሜራ ቀለም ለማንሣት ሊያገለግል ይችላል፤ አልሙኒየምን ግን ራሱን ይበላዋል፣ የሚንተከተከውም አረፋ አልሙኒየሙ ሲሟሟ የሚወጣ ሃይድሮጅን ነው። እየጮኽሁ አስወጣሁት። ቸርኬው እንደ ከሰል ጠቁሮ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ብል እንደ በላው እንጨት ተቦርቡሮ ነበር። በርሜሉ ውስጥ ያደረው ከማታ ጀምሮ ነው።

የቀሩትን አራቱን ይዤ መውጣት ነበረብኝ፤ አልወጣሁም። ባለቤቱ ይቅርታ ጠይቆ በእጅ እንዲላጉ አደርጋለሁ ስላለ፣ ሌላ ጋራዥም ስለማላውቅ፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ «ከውጭ መጥቶ ያካብዳል» መባልን ስለፈራሁ ተውኋቸው። ሥራው ያለቀው በሃያ አንደኛው ቀን ነው። ከሩቅ ያብረቀርቃሉ። ቀረብ ብዬ ጠርዙን በጥፍሬ ብጭረው ከሥሩ ነጭ ስቱኮ ወጣ፤ የተላለጠውን ሁሉ በስቱኮ ሞልተው መስተዋት መሳይ ቀለም ረጭተውበታል። የብሎኖቹ መቀመጫም ሳይቀር ወፍራም ቀለም ጠጥቷል፤ እንዲህ ያለ ቀለም መኪናው ሲሄድ ስለሚጨፈለቅ ብሎኑ እየላላ ይመጣል።

ሒሳቡ 31,000 ብር ነበር። ከተስማማነው 17,500 በላይ 6,000 «የኬሚካል»፣ 5,000 «የክሮም ቀለም»፣ 2,500 ደግሞ «የማስቸኮያ» ተብሎ ተጽፏል። አሥራ ስድስት ቀን ዘግይቶ የማስቸኮያ ማስከፈል ምን ዓይነት ሒሳብ እንደሆነ ብጠይቅ፣ ባለቤቱ ሳይስቅ «ሌሎች ሥራዎች አቁመንልዎት ነው» አለኝ። ኬሚካሉም ያጠፋብኝ ቸርኬ ዋጋ ነው። ወንድሜ ወደ ዩሮ ተመንዝሮ ያን ያህል አይደለም ብሎ ሊያበርደኝ ሞከረ፤ እኔን ያናደደኝ ግን ወረቀቱ ከመጻፉ በፊት የሆነው ነው፤ ሒሳቡን የጻፈው ልጅ ብዕሩን አንሥቶ መጀመሪያ የተመለከተው ጫማዬን ነበር። ከብዙ ክርክር በኋላ 20,000 ከፍዬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ካልተጻፈ ግን ከተማውን መበደል ይሆናል። ወንድሜ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቶርኖ ወዳላቸው አንድ አዛውንት ወሰደኝ። ቸርኬዎቹን አንድ በአንድ አንጠልጥለው በመፍቻ እጀታ ቀስ ብለው መቷቸው፤ አራቱ እንደ ደወል ጮኹ። የተቦረቦረውን ግን ወደ ጎን አድርገው «ልጄ፣ ይህን ሰው አይጫንበትም» አሉ። ብየዳ ይሞላው እንደሆነ ስጠይቃቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። በምኖርበት አገር የቴክኒክ ምርመራ በብየዳ የተጠገነ የአልሙኒየም ቸርኬ ተቀባይነት የለውም፤ እርሳቸው መልሱን ያገኙት ከደንብ ሳይሆን ከእጃቸው ነው። ምድጃ ውስጥ የሚጋገረውን የዱቄት ቀለምም አልወደዱትም፤ ወደ 200 ዲግሪ ሙቀት ስለሚፈልግ፣ ጥንካሬውን በሙቀት ያገኘ እንዲህ ያለ አልሙኒየም እንዳይልም ሰግተው ነው።

ስቱኮውን አራግፈው፣ ጠርዙን በደቃቅ ሞረድ አስተካክለው፣ ከሻካራው ብርጭቆ ወረቀት ጀምረው እስከ ደቃቁ በውኃ አሻሹት። የብሎን መቀመጫዎቹንና ጎማው የሚያርፍበትን ዙሪያ በወረቀት ሸፍነው ከአልሙኒየም ጋር በሚጣበቅ ፕራይመር ላይ ብርማ ቀለም ቀቡ። በስድስተኛው ቀን፣ በተባለው ሰዓት፣ ለአራቱ 12,000 ብር። ጉርሻ ስጨምር መለሱልኝ።

ሠርጉ በሰላም አለፈ። ወደ ሽቱትጋርት ከመመለሴ በፊት ለወንድሜ ልጅ ያስተላለፍሁት የአዛውንቱ ማሳሰቢያ ነበር፤ መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ብሎኖቹ በሙሉ እንደገና ይጥበቁ ብለዋል። ባለፈው እሑድ ከአዳማ ሲመለስ ደወለልኝ፤ ከሃያዎቹ ብሎኖች ሁለቱ ሩብ ዙር ያህል ጠብቀዋል።