ኤሲው አንዴ ያቀዘቅዛል፣ አንዴ ይጠፋል፦ ጋዝ፣ ክላች፣ ያገለገለ ወይስ አዲስ ኮምፕሬሰር?

የአዲስ አበባ ሹፌር ኤሲ እንዳለው ትዝ የሚለው ቁልቁል ሲወርድ ነው፤ አዳማን አልፎ ወደ አዋሽ ሲቃረብ ወይም ድሬዳዋ ሲገባ። ከተማው 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ የኤሲው ቁልፍ ሳይነካ ወራት ያልፋሉ። መኪናውን የሚጎዳው ደግሞ ይሄው ነው። የኤሲውን ጋዝ ጨምቆ የሚገፋውን ኮምፕሬሰር የሚያለሰልሰው ዘይት ከጋዙ ጋር አብሮ የሚዞር በመሆኑ፣ ሳይሠራ ሲከርም የዘንጉ ማሸጊያ ጎማ ይደርቅና ጋዙ በዚያ በኩል ቀስ እያለ ያመልጣል። ክረምትም ቢሆን በሳምንት አንዴ አሥር ደቂቃ ያህል ማሠራት ከብዙ ወጪ ያድናል።

ከመሸ ያስታወሰ ግን ያረጀ ኮሮላውን ይዞ ጋራዥ ሲሄድ ከአራት አንዱን ይመከራል፦ ጋዝ ሙላ፣ ኮምፕሬሰሩን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘውንና የሚለቀውን ክላች አሠራ፣ ሶማሌ ተራ ሄደህ ያገለገለ ኮምፕሬሰር ፈልግ፣ ወይም አዲስ አስገባ። ወጪውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ቅደም ተከተል እየከበደ ይሄዳል። ኤሲው ጨርሶ ካልሞተና እየመጣ እየሄደ ካስቸገረ፣ በእኔ አስተያየት ኮምፕሬሰር መጨረሻ ላይ የሚገዛ ዕቃ ነው። ውስጡ የተበላ ኮምፕሬሰር ይጮኻል ወይም ከናካቴው ያቅተዋል እንጂ ጠዋት በደንብ ሠርቶ ከሰዓት አያኮርፍም።

መጀመሪያ አጠፋፉን ይዩ

መኪናው ሲሄድ እየቀዘቀዘ መብራት ላይ ሲቆም የሚሞቅ ከሆነ፣ ከአራቱ አንዱንም አይግዙ። የኮንደንሰሩን (ከፊት ያለው፣ የጋዙን ሙቀት የሚያስወጣው ራዲያተር መሳይ ዕቃ) ፋን ይመልከቱ፤ ኤሲ ሲበራ መዞር አለበት። ኮንደንሰሩ በአቧራና በነፍሳት ከተደፈነም ያው ነው፣ በውኃ ማጠብ ሊበቃ ይችላል።

ረጅም መንገድ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል አቀዝቅዞ ከዚያ የሚወጣው ነፋስ ራሱ እየደከመ ከመጣ፣ ኢቫፖሬተሩ (ዳሽቦርዱ ውስጥ ነፋሱን የሚያቀዘቅዘው ክፍል) በረዶ ሠርቷል ማለት ነው። ኤሲውን አጥፍተው ፋኑን ብቻ ሲተዉት በረዶው ይቀልጣል፣ ነፋሱም ይመለሳል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የኢቫፖሬተሩን ሙቀት የሚለካው ትንሹ ሴንሰር ወይም የታፈነ የካቢን ፊልትር ነው።

ነፋሱ ሳይደክም ሙቅ ብቻ ከሆነ ግን ኮፈኖውን ከፍተው ኮምፕሬሰሩን ይዩት፤ እጅዎንና ልብስዎን ከቺንጋው ያርቁ። ፑሊው እየዞረ ፊቱ ያለው ሳህን ከቆመ ክላቹ አልያዘም። በየጥቂት ሰከንዱ ቀጭ ቀጭ እያለ የሚይዝና የሚለቅ ከሆነ ደግሞ ጋዝ ማነሱን ይጠርጥሩ።

ጋዝ ወይስ ክላች?

ጋዝ ርካሽ ስለሆነ ሁሉም የሚጀምረው ከእሱ ነው። ቶዮታዎች ላይ ያለው የግፊት ማብሪያ የጋዙ ግፊት ወደ 28 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ሲወርድ ኮምፕሬሰሩን ይቆርጠዋል፤ ስለዚህ በጣም የጎደለ ጋዝ በእርግጥም ኤሲን አንዴ የሚያሠራ አንዴ የሚያጠፋ ሊሆን ይችላል። ጋዝ ግን እንደ ቤንዚን አያልቅም። ካነሰ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳው ሳይፈለግ የተሞላ ጋዝ ለሚቀጥለው ጉዞ ላይደርስ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚታለልበት ሌላ ነገርም አለ። ሞተሩ ጠፍቶ ጌጁ 70 ፒኤስአይ ገደማ ቢያሳይ «ሙሉ ነው» ማለት አይደለም። ውስጥ ትንሽ ፈሳሽ ጋዝ እስካለ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው ሙቀቱ እንጂ መጠኑ አይደለም፤ ግማሽ የቀረውም ሙሉውም በአንድ ሙቀት አንድ ቁጥር ያሳያሉ። በትክክል የሚሞላ ባለሙያ የቀረውን አውጥቶ፣ በቫኪዩም አድርቆ፣ ኮፈኖው ስር በተለጠፈው ወረቀት ላይ የተጻፈውን ግራም በሚዛን ይሞላል። ሚዛን የሌለው ጋራዥ ውስጥ ጋዝ ባልገዛ እመርጣለሁ። ከመጠን በላይ መሙላትም ግፊቱን ሰቅሎ ያው ማብሪያ እንዲቆርጥ ያደርጋል።

ክላቹ ሌላ ታሪክ ነው፤ ሲበርድ ሠርቶ ሲሞቅ ለሚጠፋ ያረጀ መኪና መጀመሪያ የምጠረጥረውም እሱን ነው። በሳህኑና በፑሊው መካከል ያለው ክፍተት በብዙ ዴንሶ (የጃፓን አምራች) ኮምፕሬሰሮች ላይ ከ0.35 እስከ 0.65 ሚሊሜትር ነው። ከዓመታት መፋተግ በኋላ ይሰፋል። ሳህኑን በማግኔት የሚስበው ኮይል ሲግል ደግሞ የመዳቡ መቋቋም ይጨምርና የመሳብ ኃይሉ ይደክማል፤ የሰፋውን ክፍተት መዝለል ያቅተዋል። ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይይዛል። ጋራዥ ሲደርሱ «ምንም የለውም» የሚባሉትም ለዚህ ነው።

ፈተናው ቀላል ነው፤ ኤሲው በጠፋበት ሰዓት የኮይሉ ሽቦ ላይ መፈተሻ አምፖል ማስያዝ። መብራት እያለ ክላቹ ካልያዘ ክላቹ ነው። መብራት ከሌለ ሪሌውን፣ ፊውዙን፣ የግፊት ማብሪያውን ይከተሉ። መድኃኒቱም ብዙ ጊዜ ከሳህኑ ስር ያለችውን ቀጭን ሮንዴላ አውጥቶ ክፍተቱን ማጥበብ ነው፤ ጋዝ አይለቀቅም፣ የሚገዛ ዕቃም የለም። ኮይሉ ከተቃጠለ ወይም ኩሽኔታው ከጮኸ እነሱን ብቻ መለወጥ ይቻላል፣ ኮምፕሬሰሩ ከቦታው ሳይነሳ የሚሠራበት መኪናም ብዙ ነው።

ያገለገለ ወይስ አዲስ?

ኮምፕሬሰሩ ራሱ መሞቱ ከተረጋገጠ ነው ይህ ጥያቄ የሚመጣው። ያገለገለ ዴንሶ፣ ስም ከሌለው አዲስ ኮፒ ይሻላል የሚሉ መካኒኮች ብዙ ናቸው፤ እኔም እስማማለሁ፣ ግን ከታች ያሉትን ካለፈ ብቻ። ቱቦ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ተደፍነው የቆዩ መሆን አለባቸው፤ የኤሲ ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ሳህኑን በእጅ ሲያዞሩት ሳይነካካ እኩል ይዙር። ከዚያ ገልብጠው ጥቂት ዘይት ነጭ ጨርቅ ላይ ያንጠባጥቡ፦ ንጹሕ ከሆነ ጥሩ፤ ከጠቆረ ወይም የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለው ይተዉት። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ቀጣዩ ሱቅ ሩቅ አይደለም።

ሶኬቱንም ከአሮጌው ጋር ያስተያዩ። አንዳንድ የቆዩ ቶዮታዎች ኮምፕሬሰሩ መዞሩን የሚያይ ሴንሰር አላቸው። ሴንሰር የሌለው ከተገጠመ የኤሲው መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ኤሲው ራሱን ያጠፋል፤ ሊያመልጡት የፈለጉት ችግር በአዲስ መልክ ይመጣል።

አዲስ የሚያዋጣው ቆላ ለሚመላለስና መኪናውን ገና ለዓመታት ለሚይዝ ሰው ነው። ያኔም ድራየሩ (እርጥበት የሚመጥጠው ዕቃ) አብሮ ካልተለወጠና አሮጌው ኮምፕሬሰር የበተነው ብናኝ ከቱቦው ካልታጠበ፣ አዲሱም የአሮጌውን ዕጣ ይከተላል። በተለይ ኮንደንሰሩ ውስጥ የገባው ብናኝ በቀላሉ አይወጣም፣ አንዳንዴ መለወጥ ግድ ይላል። ስለዚህ ዋጋ ሲጠይቁ የኮምፕሬሰሩን ብቻ አይጠይቁ፤ ድራየር፣ ኦሪንግ (የመገጣጠሚያ ጎማ)፣ ትክክለኛው ዘይት፣ ጋዝና የእጅ ዋጋ ተደምሮ ስንት እንደሚመጣ ያስነግሩ። ድምሩን ሰምተው ወደ ሮንዴላዋ የሚመለሱ ብዙዎች ናቸው።