ሆንዳ ሲጂ 125 ሞተሬን ካፌ ሬሰር አድርጌ ደብረ ብርሃን ላይ ስነዳ ከረምኩ፦ ምኑ ቀረ፣ ምኑ ተነቀለ

ቶሎ መልስ ለሚፈልግ ሰው፦ ሞተሯን አልሸጣትም፣ ግን ከገጠምኩላት ዕቃ ግማሹ አሁን እቤት ካርቶን ውስጥ ነው ያለው። የቱ እንደወረደና የቱ እንደቀረ በዝርዝር ልጽፍላችሁ ነው፣ ምክንያቱም የካፌ ሬሰር (ዝቅ ባለ መሪና በአንድ ሰው መቀመጫ የእሽቅድምድም መልክ የተሰጣት ሞተር) ቪዲዮ ሁሉ የሚያሳየው ለጥ ያለ አስፋልት ላይ ጸሐይ ስትጠልቅ ነው፣ እኛ ደግሞ ያለነው ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፣ በአንድ በኩል ሜዳው እስከ ጫጫና ሸኖ ተዘርግቶ፣ በሌላ በኩል ጣርማበርን ስታልፍ መሬቱ በአንዴ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይሄዳል። ለሜዳው የተመቸች ሞተር ለቁልቁለቱ አትመችም። ወራት ነድቼ ያገኘሁት ይሄንን ነው።

ሞተሯ ሆንዳ ሲጂ 125 ናት፣ የድሮዋ፣ ከበሮ ፍሬን ያላት በእርግጫ የምትነሳ። ሆንዳ ይቺን ሞዴል ያወጣት በፈረንጆቹ 1976 ሲሆን የታሰበችውም ጭነትና አቧራ ለሚበዛበት፣ ዘይት በጊዜው ለማይቀየርበት አገር ነው። ለዛ ነው ቫልቮቹ ከስር በሚገፋ ዘንግ የሚከፈቱት፣ እላይ ካም (ቫልቭ የሚከፍተውን ዘንግ) የሚያዞር ካቴና የላትም፣ ስለዚህ ካቴናው ላላ ተንኳኳ የሚባል ጣጣ የለም። ፍጥነት የሚወድ ሰው ይሄን ሲሰማ ይስቃል፣ ይሳቅ። የቻይና ኮፒዎቹ አገሩን ስለሞሉት ፋሻው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ጓርኒሲዮኑ መርካቶ ሳይኬድ እዚሁ ይገኛል፣ ተለቅ ያለችውን ሆንዳ ሲቢ 350 አምጥቶ አንዲት ዘይት የምታግድ ጎማ ስትበላሽ አመት ከሚቆም ሰው እኔ በስንት ጣዕሜ። ጉልበቷ ፋብሪካው 11 ፈረስ ገደማ ይላል፣ ግን ያ ባህር ወለል ላይ ነው፣ እዚህ አየሩ ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ 8 ካገኘሁ ተመስገን ነው። ይሄ ቁጥር ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ይወስናል ስለዚህ ያዙልኝ።

መሪው። ክሊፕ ኦን የሚባሉት ከላይ የሚታሰር አንድ ዘንግ ሳይሆን የፊቱን ሁለት ሹካ ለየብቻ የሚያቅፉ አጫጭር እጀታዎች ናቸው፣ ዝቅ ይላሉ፣ ፎቶ ላይ ይገድላሉ። እውነቱን ለመናገር ሞተሯን ካፌ ሬሰር የሚያስመስላት ግማሹ ነገር እነሱ ናቸው። ግን ያ አቀማመጥ ከየት እንደመጣ አስቡት፣ በ50ዎቹና በ60ዎቹ የእንግሊዝ ወጣቶች እንደ ኤስ ካፌ ባሉ የለንደን መንገድ ዳር ቤቶች እየተሰበሰቡ በሰዓት 100 ማይል ማለትም 160 ኪሎሜትር ለመምታት ነበር የሚጋልቡት፣ የትራያምፍን ሞተር ኖርተን ፍሬም ውስጥ እየከተቱ ትራይተን የሚሉትን የሰሩትም ለዚሁ ነው። በዛ ፍጥነት ነፋሱ ደረትህን ወደ ላይ ስለሚደግፍልህ የእጅህ አንጓ ላይ ክብደት አይቀርም። የኔ 125 ደግሞ ሜዳ ላይ ጨርሳ ብትሮጥ 80 ናት፣ ከሸኖ በኩል ነፋስ ከፊት ከመጣ ከዛም ታንሳለች። ደረቴን የሚይዝልኝ ነፋስ የለም ማለት ነው፣ ሊጥ እንደሚያቦካ ሰው ሁለት እጄ ላይ ተደፍቼ ነው የምሄደው። ሜዳው ላይ ይሄም ይቻላል፣ እንደውም ከጫጫ ወደ ደብረ ብርሃን ጠዋት መንገዱ ባዶ ሲሆን ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ነው ጉዱ፣ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ሙሉ ሰውነታችሁ ወደ አንጓችሁ ይመጣል፣ በዛው አንጓ ደግሞ ፍሬን መያዝ አለባችሁ፣ ከኋላ ሲኖትራክ ጡሩምባውን እየነፋ። ደብረ ሲና ስደርስ ማኪያቶውን በሁለት እጅ ነበር የማነሳው።

ሌላው ማንም የማይነግራችሁ ነገር፣ ክሊፕ ኦን ሲገባ መሪው እስከ መጨረሻው አይዞርም፣ የቤንዚን ታንኩን ስለሚመታ። አውራ ጣታችሁ በእጀታውና በታንኩ መሀል ይጨፈለቃል። ገበያ ውስጥ ዞር ልበል ስትሉ በእግር እየገፋችሁ ሶስቴ ወደ ፊት ሶስቴ ወደ ኋላ ነው፣ ባጃጆቹ ይስቃሉ። መዞሪያው ላይ ማቆሚያ ብረት አስበይዶ ታንኩን ማዳን ይቻላል ግን ያኔ ጭራሽ አትዞርም። ኮብልስቶኑ ላይ ያለውን ንዝረት ተዉት።

ስለዚህ ክሊፕ ኦኑ ወርዷል። አሁን ያለው ከላይ የሚታሰር፣ ቀጥ ያለና ዝቅ ያለ ዘንግ ነው። ከሩቅ ለሚያይ መልኩ ያው ነው፣ አንጓዬ ግን ያውቀዋል። በነገራችን ላይ የእግር መርገጫውን ወደ ኋላ መውሰዱን አልተውኩትም፣ እሱ ጉልበትን ታንኩ ላይ ስለሚያስጠጋ ቁልቁለት ላይ ክብደቱን በጭን መያዝ ያስችላል። አንድ ነገር ብቻ፣ የቀኙ መርገጫ ታጣፊ መሆን አለበት፣ ካልሆነ የማስነሻው እርግጫ ይመታዋል፣ ኅዳር ላይ ውርጭ የመታት ሞተር ደግሞ አንዴ ተረግጣ እሺ እንደማትል የደብረ ብርሃን ሰው ያውቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ካርብራተር፣ አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ዕቃ። ሁሉም ካፌ ሬሰር ሰሪ መጀመሪያ የሚያደርገው የአየር ማጣሪያውን ሳጥን አውጥቶ ካርብራተሩ ላይ ሾጣጣ ማጣሪያ መሰካት ነው፣ ከመቀመጫው ስር ያለው ቦታ ባዶ እንዲሆንና በዛ በኩል ሰማይ እንዲታይ። ያምራል፣ በጣም። ከዛ ምክር ሰጪው ሁሉ ምን ይላል፣ አየር ስለበዛ ዋናውን ጄት (ቤንዚን የምታሳልፈዋን ቀዳዳ ያላት የነሐስ ቡሎን) በትልቅ ቀይር ይላል። ይሄ ምክር ለለንደን ትክክል ነው። እዚህ አየሩ ራሱ ስስ ስለሆነ ሞተሯ ከፋብሪካ በመጣችበት ጄት እንኳን ቤንዚን ይበዛባታል፣ በላዩ ላይ ትልቅ ስትጨምሩ ካንዴላዋ (ቤንዚኑን የምታቀጣጥለው) ጥላሸት ለብሳ ትወጣለች፣ ዳገት ላይ ትንተባተባለች፣ ልብሳችሁ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። የሚሰራልኝ መካኒክ፣ ያማሃ ዲቲ ሞተር ሲፈታ ሲገጥም ጸጉሩ የሸበተ ጋሼ ነው፣ ወሬ አያዳምጥም፣ “ካንዴላዋን አምጣ” ነው የሚለው። አይቶ ዋናዋን ጄት ከፋብሪካው አነስ ባለች ለወጠልኝ፣ ቤንዚኑን የምትመጥነውን የካርብራተሩን መርፌም ዝቅ አደረጋት፣ እና ሞተሯ የጣርማበርን ዳገት ሶስተኛ ማርሽ ላይ ሳታጉረመርም መውጣት ጀመረች።

ችግሩ ሮቢት ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ከጣርማበር ጫፍ እስከዛ ድረስ ከ1,700 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፣ ያውም በአንድ ጠዋት። ላይ ላይ ልክ የነበረችው ትንሽ ጄት ታች አየሩ ሲወፍር ቤንዚን ታሳንሳለች፣ ሞተሯ ትግላለች፣ ጋዝ ስትለቁ ማርሚታው ውስጥ ጧ ጧ ይላል፣ ካንዴላዋ ነጭ ትሆናለች። በዛ ሁኔታ ረጅም መንገድ ሙሉ ጋዝ መስጠት ፒስተን መብላት ነው። የሾጣጣው ማጣሪያ ነገር ደግሞ ይሄን ያባብሰዋል፣ ምክንያቱም ያ አስቀያሚ ሳጥን ዝም ብሎ ሳጥን አይደለም፣ ለካርብራተሩ የረጋ አየር የሚያቀርብለት እሱ ነው፣ እሱ ከሌለ የጎን ነፋስ በመጣ ቁጥር ድብልቁ ይለዋወጣል። ክረምት ላይ ደግሞ ጣርማበር ጉም ውስጥ ገብታችሁ ስትወጡ ማጣሪያው ውሃ ጠጥቶ ሞተሯ ትንፋሽ ያጥራታል። ላስቲክ አልብሱት የሚሉ አሉ፣ ላስቲኩ አየሩንም ይዘጋዋል’ኮ።

ሳጥኑ ተመልሷል። በጎን በኩል ያለውን ክፍተት ላሜራ አስቆርጬ ጥቁር ቀብቼ ሸፈንኩት፣ ሰማይ አይታይም፣ አልሞትኩም። ጄቷን በተመለከተ መሀል ቤት የሚሆን ነገር የለም፣ እኔ ለደጋው አስተካክዬ ነው የምነዳው፣ መንገዱ ሰላም ሆኖ ወደ ሮቢት ስወርድ ትልቋን ጄት ከነ መፍቻዋ ኪሴ ይዤ ደብረ ሲና ላይ ቡና እስኪፈላ እቀይራለሁ። ቤንዚን ዘግቶ የካርብራተሩን ታችኛውን ጽዋ መፍታት ነው፣ ሥራው ቀላል ነው፣ ግን ጽዋው ውስጥ የቀረው ቤንዚን እላያችሁ ላይ ይፈሳልና ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጠገባችሁ አይቁም።

መቀመጫው ከሁሉም የወደድኩት ነው። የፍሬሙን ጭራ አስቆርጬ ክብ ቧንቧ አስበየድኩለት፣ የመኪና ወንበር የሚሰፋ ልጅ ቡናማ ቆዳ መሳይ አልብሶ ኋላው ላይ ጉብ አድርጎ ሰፋልኝ። ይሄን የምታሰሩ ሰዎች የኋላው አሞርዛተር ከሚታሰርበት ነጥብ ወደ ፊት አንዲት ጣት እንዳታስቆርጡ፣ ደግሞ ከመበየዱ በፊት ሁለት ከበድ ያለ ሰው አስቀምጣችሁ ጎማው ወደ ላይ ሲወጣ መቀመጫውን ይነካ አይነካ እዩ። የኋላ ፓራፋንጎውንም ጨርሳችሁ አታውጡ። ፎቶ ላይ ያለ ፓራፋንጎ ያምራል፣ ሐምሌ ላይ ግን ጭቃው ከወገብ እስከ ማጅራት ይሄዳል፣ እኔ አጭር ላሜራ መልሻለሁ።

የመቀመጫው ችግር ቴክኒክ አይደለም፣ ሰው ነው። ለአንድ ሰው ነው የሚሆነው። እዚህ አገር ደግሞ በሞተር የሚሄድ ሰው ባዶ ጀርባ ይዞ ሲያልፍ እንደ ንፉግ ነው የሚታየው። አንድ ቀን አንዲት እናት መንገድ ዳር እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ፣ “ልጄ እስከ ጠባሴ አድርሰኝ”፣ “እማማ ቦታ የላትም’ኮ” ስላቸው ሞተሯን ከላይ እስከ ታች አዩዋት እና “ይሄን ሁሉ ብረት ላንተ ብቻ?” አሉኝ። ምን ይመለሳል። ጉብታውን በሁለት ቡሎን የሚወልቅ አስደርጌዋለሁ አሁን፣ ግን የተሳፋሪው እግር መርገጫ ቦታ ወደ ኋላ ለተወሰደው ለኔ መርገጫ ስለዋለ የሚጫነው ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት የለውም፣ ስለዚህ እማማን አሁንም አልጭናቸውም። ሚስት ያላችሁ ይሄን አንቀጽ ሁለቴ አንብቡት።

ትንንሾቹን ቶሎ ልበላቸው። ማርሚታው ላይ የሚጠመጠመው የሙቀት ጨርቅ ለክረምት አገር አይሆንም፣ ውሃ ይይዝና ቧንቧውን ከስር ያዝገዋል፣ ፈትቼ ጣልኩት። በመሪው ጫፍ ላይ የሚገቡት ክብ መስታወቶች ቀርተዋል፣ ከኋላ የሚመጣውን ከድሮዎቹ በተሻለ ያሳያሉ፣ በሰው በር ስትገቡ ግን ይመታሉ። ጎማ ላይ ያ ሬክታንግል ሬክታንግል ጥርስ ያለው ወፍራም ጎማ መልኩ ነው እንጂ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ እንደ መደበኛው የአስፋልት ጎማ አይዝም። ቀለሙን አልነካሁትም፣ ሊብሬው ላይ ያለው ቀለም ሌላ መንገድ ላይ ያለው ሌላ ከሆነ ቦሎ ሲደርስም ትራፊክ ሲያስቆምም ነገር ነው። ቤንዚን በሊትር 40 ኪሎሜትር አካባቢ ትሄዳለች፣ ለሰልፉ ዘመን ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ጄቷ ከመስተካከሏ በፊት ግን ከዛ በደንብ ታንስ ነበር።

ያልተፈታው ፍሬን ነው። የከበሮ ፍሬን የትኛውም ሞተር ላይ ይሁን ረጅም ቁልቁለት አይወድም፣ ከበሮው ሲግል ይሰፋል፣ ከበሮውን ከውስጥ የሚይዘው ሸራ እየራቀው ይሄዳል፣ የፍሬኑ መያዣ የመሪውን እጀታ ሊነካ ይደርሳል። ጣርማበር ላይ ጣሊያን የቆፈረው የመኪና መንገድ ዋሻ ውስጥ ከመግባቴ በፊት ነው ወደ ሁለተኛ ማርሽ የምቀንሰው፣ ከዛ ደብረ ሲና ድረስ በሞተሩ ነው የምወርደው፣ ፍሬኑን እየነካሁ መልቀቅ ብቻ፣ እና መሀል ላይ ጭላዳዎቹ የሚቀመጡበት ጋ ቆሜ ከበሮው እስኪበርድ እጠብቃለሁ። አዲስ ሸራ አስገብቼ ለውጥ አለው ግን ቁልቁለቱ ያው ቁልቁለት ነው። ቀጣዩ ሥራ ከቻይናዎቹ 125 የዲስክ ፍሬን ያለውን የፊት ሹካ ከነ ቸርኬው አውጥቶ ማስገባት ነው፣ ጋሼ የሹካው ውፍረት ከኔዋ መያዣ ጋር ይለያይ እንደሆነ ለክቶ ቶርኖ ቤት ቀለበት አስወጣለሁ ብሏል፣ እስከዛ ድረስ ከጣርማበር ማዶ የምሄደው ዝናብ በሌለበት ቀን ብቻ ነው።