የእንግሊዝ ካውንስሎች የኬር ልጆች አገልግሎት ሲመዘን፦ የትኛው ክፍል ይሠራል፣ የትኛው ያጓትታል

በእንግሊዝ የልጆች አገልግሎት የማቅረብ ግዴታ ያለባቸው ካውንስሎች (የአካባቢ መስተዳድሮች) 153 ናቸው። በእጃቸው ያሉት የኬር ልጆች፣ ማለትም ካውንስሉ ኃላፊነት ወስዶ የሚያሳድጋቸው፣ ከ80 ሺህ ይበልጣሉ። ሁሉም የሚሠሩት እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው የልጆች ሕግ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሕጉ አንድ ይሁን እንጂ አገልግሎቱ ከካውንስል ካውንስል በጣም ይለያያል። ለማን ይጠቅማል ለሚለው፦ ፎስተር ለሆናችሁ፣ ማለትም የኬር ልጅ በቤታችሁ ለምትይዙ አሳዳጊዎች፣ ብቻቸውን ለመጡ ልጆች ለምትቆሙ ዘመዶችና አስተርጓሚዎች፣ ከኬር ለወጣችሁ ወጣቶችም። ፍርዳችን ባጭሩ ይህ ነው፦ ሕግ ቀን የቆረጠለት ሥራ ይሠራል፤ ለካውንስሉ ፈቃድ የተተወው ግን ካልወተወታችሁ አይንቀሳቀስም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ከሁሉ በፊት ልጁ በየትኛው አንቀጽ እንደተያዘ በጽሑፍ ጠይቁ። አንቀጽ 31 የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። አንቀጽ 20 ወላጅ ሲስማማ ወይም ኃላፊነት የሚወስድለት ሰው ለሌለው ልጅ የሚሆን ነው፤ ብቻውን ወደ አገሩ የገባ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ውስጥ ይገባል። አንቀጽ 17 ግን ድጋፍ እንጂ ኬር አይደለም። ችግሩ የሚመጣው 16 ወይም 17 ዓመት የሞላው ልጅ አንድ ክፍል ተሰጥቶት በአንቀጽ 17 ሲመዘገብ ነው። ያን ቀን ምንም አይመስልም፤ 18 ሲሞላው ግን የኬር መውጫ መብቱ፣ ማለትም ከኬር የሚወጣ ወጣት የሚያገኘው ድጋፍ፣ የለም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2003 በሂሊንግደን ካውንስል ላይ የተሰጠው ፍርድ የተነሣውም ከዚሁ ነው።

ሙሉ መብት የሚገኘው ከ14 ዓመት በኋላ በድምሩ 13 ሳምንት በኬር ለቆየና ከ16 በኋላም በኬር ውስጥ ለነበረ ነው። 17 ዓመት ከ10 ወር ሆኖ የመጣ ልጅ 13 ሳምንት ሊሞላ አይችልም፤ እሱ የሚያገኘው ቀጭኑን መብት ነው። ስለዚህ ኬር የገባበት ቀን በመዝገብ ላይ በትክክል መስፈሩ የሁለት ሳምንት ልዩነት ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

የጊዜ ሰሌዳው እንዲህ ነው። ልጁ የሚኖርበትን ቤት የሚመለከተው ፕሌስመንት ፕላን ከመግባቱ በፊት፣ ካልሆነ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ። ኬር ፕላኑ (አጠቃላይ የአስተዳደግ ዕቅዱ) እና የትምህርት ዕቅዱ በ10 የሥራ ቀናት። የሐኪም ምርመራውና የመጀመሪያው ሪቪው (የልጁ ዕቅድ የሚገመገምበት ስብሰባ) በ20 የሥራ ቀናት። ሁለተኛው ሪቪው ከዚያ በ3 ወር ውስጥ፣ ቀጣዮቹ ቢበዛ በየ6 ወሩ። የልጁን ጉዳይ የምትይዘው የካውንስሉ ሶሻል ወርከር በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከዚያ በመጀመሪያው ዓመት ቢበዛ በየ6 ሳምንቱ መጥታ ልጁን ማየት አለባት። ከአገልግሎቱ ሁሉ ደኅናው ክፍል ይህ ነው። ቀናቱ በሲስተም ላይ ይቆጠራሉ፣ ተቆጣጣሪው ኦፍስቴድም ይመለከታቸዋል። የሚዘገየው በአብዛኛው የጤናው ነው፤ በተለይ ልጁ ከካውንስሉ ክልል ውጭ ሲቀመጥ፣ ምርመራውን የሌላ አካባቢ የጤና ቡድን ስለሚሠራው ወረቀቱ በሁለቱ መካከል ይንገላታል።

ፕሌስመንት ፕላኑ ውስጥ ብዙዎች ሳያነቡ የሚፈርሙት ሰንጠረዥ አለ፤ የትኛውን ውሳኔ አሳዳጊው ራሱ እንደሚወስን የሚያሳየው። ጓደኛ ቤት ማደር፣ የትምህርት ቤት ጉዞ፣ ፎቶ መነሣት፣ ፀጉር መቆረጥ። ፀጉር የሚለው ረድፍ ባዶ ከሆነ ሹሩባ ለመሠራት እንኳ ኢሜይል ተጽፎ መልስ ሲጠበቅ ቅዳሜው ያልፋል። ረድፎቹን ከመፈረማችሁ በፊት አንድ በአንድ አስሞሉ።

ሪቪው

ሪቪውን የሚመራው አይ አር ኦ የሚባለው ገለልተኛ ኃላፊ ነው። ከልጁ ሶሻል ወርከር ቡድን ውጭ ነው፣ ደመወዙን የሚከፍለው ግን ካውንስሉ ራሱ ነው፤ ይህን አትርሱ። መመሪያው አንድ አይ አር ኦ ከ50 እስከ 70 ልጆች እንዲይዝ ይመክራል። ቁጥሩ ከዚያ ሲያልፍ ስብሰባው ወደ ፎርም መሙላት ይወርዳል።

የሪቪውን ጥራት ለመመዘን ቃለ ጉባኤውን ገልብጡና የመጨረሻውን ሰንጠረዥ እዩ። ሦስት ዓምድ አለው፤ ምን፣ ማን፣ እስከ መቼ። "የእንግሊዝኛ ተጨማሪ ትምህርት፣ ሶሻል ወርከር፣ በሂደት ላይ" ተብሎ ከተጻፈ ያ ውሳኔ አይደለም። "በሂደት ላይ" በካውንስል አማርኛ ማንም አልጀመረውም ማለት ነው። እዚያው ስብሰባ ላይ ቀን እንዲጻፍ ጠይቁ። ቀኑ ካለፈ አይ አር ኦው ጉዳዩን ወደ ሥራ አስኪያጆች ማሳደግ ይችላል፤ ሂደቱ በጠቅላላው በ20 የሥራ ቀናት እንዲያልቅ ነው መመሪያው የሚለው። አሁንም ካልተፈታ ጉዳዩን ካፍካስ ወደሚባለው የፍርድ ቤት አማካሪ ድርጅት የመምራት ሥልጣን አለው።

ማደሪያ

ደካማው ክፍል ይህ ነው፤ ምክንያቱም ገንዘቡ ያለው እዚህ ላይ ነው። ውድ ማደሪያን የሚያጸድቅ ፓነል አለ፤ ሶሻል ወርከሯ አዎ ብትል እንኳ ፓነሉ አይሆንም ሊል ይችላል። ካውንስሉ በራሱ ክልል ውስጥ በቂ ማደሪያ እንዲኖረው የመጣር ግዴታ በአንቀጽ 22ጂ ተጥሎበታል። ሆኖም ፎስተር ሲጠፋ ልጆች ሩቅ ይላካሉ፣ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አብሮ ይቋረጣል። እዚህ ላይ የሚጠቅማችሁ አንቀጽ 22 ንዑስ አንቀጽ 5 ነው። ካውንስሉ ሲወስን የልጁን ሃይማኖት፣ ዘር፣ ባህልና ቋንቋ ከግምት ማስገባት አለበት ይላል። ግዴታው ማሰብ እንጂ የግድ ሐበሻ ቤተሰብ ማግኘት አይደለም፤ ስለዚህ "ሐበሻ ፎስተር ስጡን" ከማለት "ይህን አንቀጽ እንዴት እንዳገናዘባችሁ በኬር ፕላኑ ላይ ጻፉ" ማለቱ የበለጠ ያስኬዳል። ጾም፣ አስተርጓሚ፣ የአምልኮ ቀን በስም ይጻፉ። የአስተርጓሚው ቋንቋም እንዲሁ፤ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ ለሚናገር ልጅ "ኢትዮጵያዊ ነው" ተብሎ የአማርኛ አስተርጓሚ የሚጠራበት ጊዜ አለ።

ከ16 ዓመት በታች ያለን ልጅ ቁጥጥር በሌለው ማደሪያ ማስቀመጥ ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ ክልክል ነው። ለ16 እና 17 ዓመት ልጆች የሚሆነው ሰፖርትድ አኮሞዴሽንም ከኦክቶበር 28 ቀን 2023 ጀምሮ በኦፍስቴድ መመዝገብ አለበት። አቅራቢው መመዝገቡን ጠይቁ፣ መልሱን በኢሜይል ተቀበሉ።

የዕድሜ ምዘና

ልጁ የተናገረው ዕድሜ ሲያጠራጥር ካውንስሉ ራሱ መዝኖ የሚወስንበት ሂደት ነው፤ ለእኛ ልጆች ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። "መርተን" የሚባለው አሠራር፣ ስሙን ያገኘው በ2003 ከተሰጠ ፍርድ ነው፣ መልክ በማየት ብቻ እንዳይወሰን፣ ልጁም መልስ የመስጠት ዕድል እንዲያገኝ ያዛል። ስሕተቱ ብዙ ጊዜ የሚገባው በዘመን አቆጣጠሩ በኩል ነው። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 2000 የተወለደ ልጅ እስከ ታኅሣሥ 21 ከሆነ በፈረንጅ 2007 ነው፤ ከ22 ጀምሮ 2008 ይሆናል። ሁልጊዜ 7 ወይም ሁልጊዜ 8 የሚደምር አስተርጓሚ አንድ ዓመት ሊያጠፋ ይችላል፤ ያ ዓመት ከተደጋገመ ደግሞ "ታሪኩ አይጣጣምም" ተብሎ ይመዘገባል። ልጁ ቀኑን በሚያውቀው አቆጣጠር ይናገር፣ ያው ቃል ሳይቀየር ይጻፍ፣ ስሌቱም ከጎኑ ይቀመጥ። ውሳኔው የሚሞገተው በከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲሆን ጊዜው ቢበዛ 3 ወር ነው፤ ጠበቃ የሚፈለገው ደብዳቤው በደረሰ ሳምንት ነው።

ትምህርት

ጥሩ ነው፣ ደስ ይላል። እያንዳንዱ ካውንስል የኬር ልጆችን ትምህርት የሚከታተል ቨርቹዋል ስኩል ሄድ የሚባል ኃላፊ እንዲኖረው በ2014 በሕግ ተደንግጓል። ለአንድ ልጅ በዓመት ከ2,500 ፓውንድ በላይ የሚደርሰው ፒውፕል ፕሪሚየም ፕላስ የሚባለው የትምህርት ድጋፍ ገንዘብ በእሱ እጅ ነው፤ የትምህርት ዕቅዱም በየተርሙ ይታደሳል። በስብሰባው ላይ "ገንዘቡ ለምን ዋለ?" ብላችሁ ጠይቁ። "ለአጠቃላይ ድጋፍ" ከተባላችሁ ስንት ሰዓት፣ በማን፣ በየትኛው ትምህርት ብላችሁ ቀጥሉ። በመንግሥት ትምህርት ቤት ምዝገባም የኬር ልጅ ቅድሚያ አለው።

18 ሲሞላ

ገንዘቡ እዚህ ይሻላል፣ ልዩነቱም እዚህ ይሰፋል። ለወጣቱ የሚመደበው አማካሪ፣ ፐርሰናል አድቫይዘር፣ እስከ 25 ዓመት ይኖራል። ፓዝዌይ ፕላን (ከኬር መውጫው ዕቅድ) በየ6 ወሩ ይታያል። ፎስተሩ ከተስማማ እስከ 21 ዓመት እዚያው መቆየት ይቻላል። ቤት ለማደራጀት 3,000 ፓውንድ፣ ዩኒቨርሲቲ ለሚገባ 2,000 ፓውንድ፣ አፕረንቲስ ለሚሆን (እየሠራ ሙያ ለሚማር) ከኦገስት 2023 ወዲህ 3,000 ፓውንድ አለ። የቤት ማደራጃው ብዙ ጊዜ በጥሬ አይሰጥም፤ ካውንስሉ ዕቃ ይገዛበታል። ፍሪጅና አልጋ መጀመሪያ ይግቡ፤ ምንጣፍ ከዝርዝሩ እንዳይረሳ፣ የካውንስል ቤት ወለሉ ባዶ ሆኖ ሊሰጥ ይችላል።

የቀረው ካውንስሉ ከኬር ለወጡ ወጣቶች የሚሰጠውን በሚዘረዝረው፣ "ሎካል ኦፈር" በሚባለው ሰነድ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ካውንስል እንዲያወጣው የ2017ቱ ሕግ ያስገድዳል። ይዘቱ ግን በእጁ ነው። የካውንስል ታክስ ነፃ ማድረግ፣ የአውቶቡስ ካርድ፣ የጂም አባልነት አንዱ ጋ አለ፣ ጎረቤቱ ጋ የለም። ሌላም እክል አለ፦ ሁለት እርከን ካውንስል ባለባቸው ካውንቲዎች ውስጥ ልጆችን የሚይዘው ካውንቲው፣ ቤት የሚሰጠው የታችኛው እርከን ካውንስል፣ ዲስትሪክቱ፣ ነው። ሁለቱ ሳይነጋገሩ ወጣቱ 18 ይሞላዋል። ከ17 ዓመት ጀምሮ የዲስትሪክቱ ቤቶች ክፍል ፓዝዌይ ፕላኑ ላይ በስም እንዲገባ አድርጉ።

ሎካል ኦፈሩ የሚቆረጠው በጀት ሲጸድቅ ነው። ካውንስሎች በጀታቸውን እስከ ማርች 11 ይጨርሳሉ፣ ረቂቁ ቀደም ብሎ ይወጣል። ትልልቅ ውሳኔዎች ከ28 ቀን በፊት፣ የስብሰባ አጀንዳ ደግሞ ከ5 ሙሉ ቀናት በፊት በድረ ገጽ መለጠፍ አለባቸው። "ቁጠባ" የሚለውን አባሪ ክፈቱ። ሕግ የማያስገድደው፣ ማለትም የወጣት ክበብና ሜንተሪንግ፣ መጀመሪያ የሚነካው ነው። የበርሚንግሃም ካውንስል በሴፕቴምበር 2023 አንቀጽ 114 የሚባለውን፣ ወጪዬን የምሸፍንበት ገንዘብ የለኝም የሚል ማስታወቂያ ሲያውጅ እንኳ በሕግ የተጣለበት ግዴታ አልተነሣለትም።

ቅሬታ

ዝግ ይላል እንጂ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለም። ደረጃ 1 በ10 የሥራ ቀናት ይመለሳል፣ እስከ 20 ሊራዘም ይችላል። ደረጃ 2 መርማሪና ከካውንስሉ ውጭ የሆነ ገለልተኛ ሰው ይመደብለታል፤ ቀኑ 25 ሲሆን እስከ 65 ይራዘማል፣ መራዘሙም የተለመደ ነው። ደረጃ 3 ፓነል ነው፤ የደረጃ 2 መልስ በደረሳችሁ በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልጠየቃችሁ ያመልጣችኋል። ከዚያ በካውንስሎች ላይ የሚቀርብን ቅሬታ በነፃ የሚመረምረው ኦምቡድስማን አለ። ልጁ ራሱ ቅሬታ ካቀረበ ስለ እሱ የሚናገርለት አድቮኬት በነፃ የማግኘት መብት አለው፣ ካውንስሉም ሊያቀርብለት ይገባል። አንድ ጥንቃቄ፦ ካውንስሎች ስለ ቆሻሻና ስለ መንገድ የሚቀበሉበት ሌላ ተራ የቅሬታ መንገድም አላቸው፤ እሱ ገለልተኛ ሰው የለውም። ደብዳቤያችሁ ላይ "በ1989ኙ የልጆች ሕግ መሠረት፣ ደረጃ 1" ብላችሁ ካልጻፋችሁ እዚያ ሊከቱት ይችላሉ።