ጋልቫናይዝድ ወይስ ስቴንለስ፦ ለድሬዳዋ የፋብሪካ ውኃ መስመር

በድሬዳዋ በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው፤ በፋብሪካ ቧንቧ የሚያልፈውም ያው ካልሲየም የበዛበት የከርሰ ምድር ውኃ ነው።

ለቀዝቃዛ ውኃ ጋልቫናይዝድ፣ ማለትም በዚንክ የተለበጠ የብረት ቧንቧ፣ የሚናቅ ምርጫ አይደለም። ዚንኩ ከብረቱ ይልቅ ለመዝገት ስለሚቸኩል፣ ሽፋኑ በትንሹ ቢጫር እንኳ ራሱን እያስበላ ብረቱን ያድናል። ደካማ ጎኑ መጋጠሚያው ነው፤ ጥርስ ሲወጣለት ዚንኩ ስለሚላጥ ቀዩ ዝገት ብዙ ጊዜ ከዚያ ይጀምራል። ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲያልፍ ደግሞ፣ እንደ ውኃው ይዘት፣ ሚናው ተገልብጦ ብረቱ በዚንኩ ፈንታ ሊበላ ይችላል።

ስቴንለስ (ክሮሚየም የተቀላቀለበት የማይዝግ ብረት) የሚተማመነው በዓይን በማይታይ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን ኦክስጅን ካገኘ ቢፋቅም ራሱን ይጠግናል፤ ከቅርፊትና ከጋስኬት ሥር ግን ኦክስጅን ሲያጥር ክሎራይድ (በውኃው ውስጥ የሟሟ የጨው ክፍል) ይከማችና ጠባብ፣ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፍራል። ቧንቧው ከውጭ እያብረቀረቀ መበሳቱ ነው አሳሳቹ ነገር። በብየዳው ዙሪያ የቀረው ሰማያዊና ቡናማ ቀለም ካልጸዳም ጥቃቱ እዚያ ይቀድማል። በሙቅ መስመር ላይ 304 ከተባለው የስቴንለስ ዓይነት ይልቅ ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም የተባለ ብረታ ብረት ያለው 316 ይሻላል፤ ዋጋው ቢያስቆጭም።

እንደ እኔ ቀዝቃዛው ጋልቫናይዝድ፣ ሙቁ 316 ቢሆን ይመረጣል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ግን ዚንኩ ቶሎ እንዳያልቅ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ መጋጠሚያ መለየት አለባቸው።