ክፍት መደርደሪያ ወይስ ባለ መስታወት ቁም ሳጥን?

ደሴ ውስጥ መጽሐፍ ሳሎን ላይ ለማሳየት ሁለቱንም ሞክሬያለሁ።

ባለ መስታወቱ ያምራል። አቧራ ብዙም አያስገባም። ችግሩ ክረምት ሲገባ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የጦሳ ተራራ ጉም እስከ ደጃፍ ይወርዳል። ሳጥኑ ውስጥ የገባ እርጥበት መውጫ ያጣል። አንድ ነሐሴ በሩን ስከፍት የሻጋታ ሽታ ተቀበለኝ። የአባቴ የድሮ መዝገበ ቃላት ጀርባው ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ አውጥቶ ነበር። ከልቤ አዘንኩ።

ክፍቱ አየር ያገኛል። ግን ከግድግዳው ሦስት ጣት ያህል ራቅ ይበል፣ በተለይ ግድግዳው የጭቃ ከሆነ። ፀሐይ በቀጥታ አይረፍበት፤ ሽፋኑ ይደበዝዛል። በየሳምንቱ በደረቅ ጨርቅ መወልወል ግድ ነው። ደግሞ እንግዳ ቡናው እስኪፈላ አንዱን መዞ ያገላብጣል። ለእኔ ትልቁ ደስታ ይሄ ነው።

ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ መስታወቱን ብትመርጥ አልከራከራትም። እዚያ ቆላ ቀመስ ነው፣ ይሞቃል፤ የሚያስቸግረው አቧራው ነው። ደሴ ላለ ሰው ግን ክፍቱን እላለሁ። መስታወቱን ቀድመው ገዝተው ከሆነ፣ ዝናብ በሌለበት ሰዓት በሩን ገርበብ ያድርጉት።